ቤታችን በካርታው ላይ የት ነው?

በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በታክሲ ሾፌሮች ስም የቀረበ ንግግር




የዝግጅት ኮሚቴው ይህን መድረክ ለእኛ ለታክሲ ሾፌሮች ሲሰጠን፣ አንዳንድ ወዳጆቻችን «ዛሬ ደግሞ ስለ ሜትር ሊያደክሙን ነው» ብለው እንደ ቀለዱ ሰምተናል። ስለ ሜትር አናወራም። እ.ኤ.አ. በ2008 በዋሽንግተን ከተማ የዞን ሂሳብ ቀርቶ ሜትር ሲገባ የተከራከርነው ይበቃናል። ዛሬ የምናነሣው ስለ እናንተ ምግብ ቤት፣ ስለ እናንተ የእንጀራ መደብር፣ ስለ እናንተ ጠጉር ቤት ነው። ይኸውም ሰው በስልኩ ካርታ ላይ ሲፈልጋችሁ ስለሚያገኘው ነገር፣ ወይም ስለሚያጣው ነገር ነው።

ሾፌርን ይህ ምን አገባው የሚል ይኖር ይሆናል። ያገባናል። ቀደም ባለው ጊዜ ከደለስ ወይም ከናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ የተሳፈረ እንግዳ ስማችንን ከመታወቂያው ላይ አንብቦ «ኢትዮጵያዊ ነህ? ጥሩ የአገርህ ምግብ የት አገኛለሁ?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። እኛም የወጡን ጣዕምና የባለቤቱን ዝምድና እየመዘንን ወደ አንዳችሁ ቤት እንወስደው ነበር። የትኛው ይበልጥ ይመዝን እንደ ነበር ለእናንተ ፍርድ እንተወዋለን። ዛሬ ግን እንግዳው ሻንጣው ገና ሳይጫን ስልኩን ከፍቶ፣ ኮከብ ቆጥሮ፣ ፎቶግራፍ አይቶ፣ ወስኖ ነው የሚሳፈረው። የሚመራው ስልኩ ነው፤ እኛ መሪውን ብቻ ነው የያዝነው። ስልኩ «ይህ ቤት ተዘግቷል» ካለው፣ እኛ ትናንት ማታ እዚያው ቤት ክትፎ በልተን የወጣን ብንሆን እንኳ አያምነንም።

እንደሚታወቀው በአገራችን ልማድ አድራሻ ማለት ቁጥር አይደለም። «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ሰማያዊው የቆርቆሮ በር» ከተባለ ሰው ይደርሳል፤ ካልደረሰም በመንገድ የሚያገኘውን ይጠይቃል። እዚህም መጥተን ይህንኑ ልማድ ይዘን ቆይተናል። «ከነዳጅ ማደያው ጀርባ» ብለን ቤት የምንጠቁም ብዙዎች ነን። ሥራ ስንጀምር ያ ትልቁ ኤ.ዲ.ሲ. የተባለው የካርታ መጽሐፍ ከመቀመጫችን ሥር አይጠፋም ነበር፤ ገጹ ተቀድዶ፣ ቡና ፈስሶበት፣ ግን መንገዱን ያሳያል። መጽሐፉ የሚያሳየው ጎዳናውን እንጂ የማንን ሱቅ አልነበረም። የዛሬው ካርታ ግን ሱቁንም፣ ሰዓቱንም፣ ስልኩንም፣ ሰው ስለ ሱቁ ያለውንም ይናገራል። ከመካከላችን ስድስት ኪሎ ጂኦግራፊ ጀምሮ ያቋረጠ ወንድማችን አለ። ስለ ላቲቲዩድና ሎንጂቲዩድ የተማረው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመው፣ አንዲት ቀይ ምልክት ከአንድ ምግብ ቤት ቆሻሻ መጣያ ጓሮ አንሥቶ ወደ ፊት ለፊቱ በር ሲያዛውር እንደ ሆነ ይነግረናል።

ጉግል ማፕስ በ2005 ሲወጣ ማናችንም እዚህ ይደርሳል ብለን አላሰብንም። ዛሬ አንድ ሱቅ ባለቤቱ ባያስመዘግበውም በካርታው ላይ ሊገኝ ይችላል። ጉግል ከልዩ ልዩ ድረ ገጾችና ከሕዝቡ ጥቆማ እየለቀመ ያስገባዋል። ማንኛውም መንገደኛ ደግሞ «እርማት አለኝ» ብሎ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን እንዲለወጥ ሊጠቁም፣ «ይህ ቤት ለዘለቄታው ተዘግቷል» ብሎም ሊያመለክት ይችላል። ጥቆማው ሁሉ ይጸድቃል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ዝም ባለበት ቤት የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ስለ ቤታችሁ በካርታው ላይ የምትናገሩት ራሳችሁ ሁኑ።

ለምን እንዲህ አጥብቀን እንደምንናገር አንድ እውነተኛ ነገር እንንገራችሁ። አንዲት እኅታችን (ስሟን እንዳናነሣ ለምናናለች) በዋሽንግተን ከተማ ውስጥ ለዓመታት እንጀራና ቅመማ ቅመም ስትሸጥ ቆይታ፣ እንደ ብዙዎቹ የዩ ስትሪት አካባቢ ነጋዴዎች ኪራይ ሲንርባት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዛወረች። ሰሌዳ አሠራች፣ ቡና አፈላች፣ ጸሎት አስደረገች። በስልክ ካርታው ላይ ግን ቀይዋ ምልክት በድሮው ቦታ ላይ ቀረች። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ደግሞ አንድ ሰው፣ ምናልባትም በደግ ልብ፣ የድሮው ቤት በር ተቆልፎ ቢያገኘው «ተዘግቷል» ብሎ አመለከተ። ከዚያ ወዲያ የሱቋን ስም የጻፈ ሁሉ የሚያነበው በቀይ ቀለም «ለዘለቄታው ተዘግቷል» የሚል ነበር። እኅታችን የምታውቀው ገበያው መቀዝቀዙን ብቻ ነው። «ኑሮው ሰዉን አጥብቆት መስሎኝ ነበር» አለችን። ነገሩን ያወቀችው ከእኛ አንዱ፣ እንጀራ ፈልጎ የተሳፈረ ደንበኛ «ያቺ ሴትዮ እኮ ዘጋች» ሲለው ሰምቶ ቀጥታ ወደ ሱቋ ባመጣው ጊዜ ነው።

ማረሙ ቀላል ይመስላል። አልነበረም። የካርታውን ገጽ የከፈተላት ከዓመታት በፊት ድረ ገጽ የሠራላት ሰው ነበር፤ የከፈተውም በራሱ ኢ-ሜይል ነው። ሰውየው ወደ ሌላ ስቴት ሄዷል፣ ስልኩም ተለውጧል። ስለዚህ በሕግ ሱቁ የእሷ፣ በካርታው ላይ ግን የእሱ ሆኖ ተገኘ። «ባለቤትነቱ ይሰጠኝ» የሚል ጥያቄ በዚያው በጉግል በኩል ማቅረብ ይቻላል፤ የያዘው ሰው በተሰጠው ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠ ጠያቂው ራሱን አረጋግጦ ሊረከብ የሚችልበት መንገድ አለ። አቀረብን። ጠበቅን። ከዚያ በቪዲዮ አረጋግጪ ተባለች። የመጀመሪያው ቪዲዮ አልተቀበሉትም፤ ከሱቁ ውስጥ ጀምሮ ውስጡ ያለቀ ስለ ነበረ ሱቁ በየትኛው ጎዳና እንዳለ አያሳይም። ሁለተኛው ተቀባይነት አገኘ። ሁሉም ነገር ተጠናቆ ስሟ በትክክለኛው ቦታ እስኪታይ አምስት ሳምንት ፈጀ። አምስት ሳምንት ለትልቅ መደብር ምንም አይደለም፤ በየቀኑ ለሚጋገር እንጀራ ግን ብዙ ነው።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ይህ ምዝገባ ነጻ ነው። ቀድሞ «ጉግል ማይ ቢዝነስ» ይባል የነበረው ከ2021 ጀምሮ «ጉግል ቢዝነስ ፕሮፋይል» ተብሏል፤ ለብቻው የነበረው የስልክ መተግበሪያም ቀርቷል። ዛሬ በራሳችሁ ኢ-ሜይል ገብታችሁ በጉግል ፍለጋ ወይም በካርታው ላይ የሱቃችሁን ስም ስትጽፉ ሁሉንም ከዚያው ታስተካክላላችሁ። በራሳችሁ ኢ-ሜይል ያልነው በከንቱ አይደለም። የልጃችሁም፣ የአስተናጋጃችሁም፣ የሂሳብ ሠራተኛችሁም አይሁን። እነሱን ረዳት አድርጎ መጨመር ይቻላል፤ ዋናው ባለቤት ግን እናንተ ሁኑ። ልጅ ኮሌጅ ይሄዳል፣ አስተናጋጅ ሥራ ይለቃል።

ስም ላይ ብዙ ጊዜ እንቆያለን፤ ምክንያቱም የእኛ ስሞች በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ጣጣ አላቸው። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ በ«ቲ» እና በ«ኤስ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። «ቅ»ን አንዱ በ«ኪው» ሌላው በ«ኬ» ይጽፋል። አንድ ቤት አይተናል፤ በሰሌዳው ላይ አንድ ዓይነት፣ በምግብ ዝርዝሩ ሌላ ዓይነት፣ በንግድ ፈቃዱ ሦስተኛ ዓይነት አጻጻፍ ነበረው። ለእኛ ሁሉም አንድ ነው፤ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት ቤት ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ያለውን አጻጻፍ ያዙ፣ በሁሉም ቦታ እሱኑ ጻፉ። «ምርጥ ርካሽ የኢትዮጵያ ምግብ በአሌክሳንድሪያ» የሚል ምስጋና ከስም ጋር መቀጠል ደግሞ የጉግል ደንብ ይከለክላል፤ ገጹን እስከ ማሳገድ ያደርሳል። የቤታችሁን ዓይነት የምትገልጹበት ቦታ ለብቻው አለ፤ እዚያ ላይ «የኢትዮጵያ ምግብ ቤት» የሚለውን ምረጡ እንጂ «ምግብ ቤት» ብቻ ብላችሁ አትለፉ።

ሰዓቱን በሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ስንነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ግን ደርሷል። አንድ ወንድማችን ምግብ ቤቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ክፍት ነው፤ ይህም በፈረንጅ አቈጣጠር ከ10 እስከ እኩለ ሌሊት መሆኑ ነው። የመዘገበለት ዘመዱ ግን እንደ ነገሩት 4 እና 6 ብሎ አስገባው። ከዚያ በኋላ ካርታው ቤቱ ገና ጎህ ሳይቀድ ተከፍቶ ፀሐይ ስትወጣ የሚዘጋ አድርጎ ሲያሳየው ከረመ። ሌሊት የምንሠራ ሾፌሮች በ4 ሰዓት ፍርፍር ፍለጋ ሄደን በር አንኳኩተናል።

በዓላትም እንዲሁ ናቸው። ጉግል የአሜሪካን በዓላት ሰዓት እንድታስገቡ ያስታውሳችኋል፤ ጃንዋሪ 7 ገናችን መሆኑን፣ ፋሲካችንም በየዓመቱ ቀኑን እንደሚለውጥ አያስታውስላችሁም። ልዩ ሰዓት የሚባል መሙያ አለ፤ በዓሉ ሳይደርስ ራሳችሁ ሙሉት። በዚያው ልክ ደግሞ በታንክስጊቪንግና በዲሴምበር 25 ብዙዎቻችሁ ክፍት ናችሁ። በዚያን ቀን ሆቴል ያረፈ እንግዳ ምግብ አጥቶ ከተማውን ሲዞር የምናየው እኛ ነን። ክፍት መሆናችሁን አረጋግጣችሁ ብትጽፉ ያን ቀን የሚበላችሁ እንጂ የሚያልፋችሁ አይኖርም።

የጾም ምግብም አለን። ፈረንጆቹ «ቪጋን» ብለው የሚፈልጉትን እኛ ረቡዕና ዓርብ፣ ጾሙም በገባ ጊዜ ለዘመናት ስንበላው ኖረናል። ይህን በምግብ ዝርዝራችሁና በፎቶግራፋችሁ አሳዩ። ነገር ግን ጎመኑ ወይም ምስሩ በንጥር ቅቤ የሚሠራ ከሆነ የጾም ነው አትበሉ፤ ይህ ሃይማኖትም ሕሊናም፣ ለአንዳንዱ ሰው ደግሞ የጤና ጉዳይ ነው። ፎቶውን በቀን ብርሃን አንሡት። በኒዮን መብራት ሥር የተነሣ ቀይ ወጥ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው፤ የበላው ሰው ብቻ ነው ወጥ መሆኑን የሚያውቀው።

ስለ ማረጋገጫው ከላይ ጀምረን ነበር። በምን መንገድ እንደሚያረጋግጣችሁ የሚወስነው ጉግል ነው፤ አንዳንዱን በስልክ፣ አንዳንዱን ኮድ ባለበት ፖስት ካርድ፣ ዛሬ ብዙውን በቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ሳይቆራረጥ በአንድ ጊዜ በስልካችሁ የሚቀረጽ ነው። ከውጭ ጀምሩ፤ የጎዳናውን ስም የሚያሳይ ምልክትና ጎረቤት ሱቆችን አሳዩ። ከዚያ ሰሌዳችሁን፣ ቀጥሎ በቁልፋችሁ በሩን ስትከፍቱ፣ ወደ ውስጥ ገብታችሁ ምጣዱን፣ ገንዘብ መቀበያውን፣ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ አሳዩ። የባንክ ወረቀት አታሳዩ፤ የደንበኞችንም ፊት አትቅረጹ። የምትዛወሩ ከሆነ ደግሞ አዲስ ገጽ አትክፈቱ። በነበረው ላይ አድራሻውን ለውጡ፤ ለዓመታት የተሰበሰበው አስተያየት አብሯችሁ እንዲሄድ።

ሱቅ የሌላችሁ፣ ከቤት ሆናችሁ ድግስ የምታዘጋጁ፣ ቤት የምታጸዱ፣ ዕቃ የምታጓጉዙ እኅቶችና ወንድሞችም መመዝገብ ትችላላችሁ። ደንበኛ ወደ ቤታችሁ የማይመጣ ከሆነ ደንቡ የቤት አድራሻችሁን እንድትሰውሩና የምትሠሩባቸውን ከተሞች ብቻ እንድትጽፉ ነው። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አይሠራም። የካርታ ምዝገባ የንግድ ፈቃድም የጤና ፈቃድም ምትክ አይደለም፤ ይህን ለይታችሁ እወቁ።

አሁን ወደ ሌቦቹ እንምጣ። ስልካችሁ ይደወላል። በቅላጼውም በችኮላውም ባለሥልጣን የሚመስል ሰው «ከጉግል ነው፤ ዛሬ ካልከፈሉ ሱቅዎ ከካርታው ይሰረዛል» ይላችኋል። ይህ ከጉግል አይደለም። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2018 በፍሎሪዳ እንዲህ ያለ ጥሪ በብዛት ሲያደርጉ የነበሩ ሰዎችን ከሷል፤ ከዚያም ወዲህ ጥሪው አልቆመም። በካርታው ላይ ለመመዝገብም ለመቆየትም ክፍያ የለም። ገንዘብ ከፍሎ በተራው ፍለጋ ፊተኛ መሆንም አይቻልም፤ «ማስታወቂያ» የሚል ምልክት ያለበት ለብቻው ነው። ጉግል ራሱ ቅደም ተከተሉን የሚወስንባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው ይላል፤ የተፈለገው ነገር ከቤቱ ጋር መገጣጠሙ፣ ርቀቱና የቤቱ ዕውቅና። በስልክ የሚነገሯችሁን ኮድ ለማንም አትስጡ። ኮዱን የሰጠ ቁልፉን ሰጠ ማለት ነው።

ስለ ኮከቡ ጉዳይ በመካከላችን ክርክር ነበር። ከእናንተ አንዳንዶች «ሾፌሮች በርከት ያላችሁ ናችሁ፣ እያንዳንዳችሁ አምስት አምስት ኮከብ ጻፉልን» ብላችሁናል። ከእኛ የተወሰኑት «ወገንን መርዳት ምን ክፋት አለው?» ሲሉ፣ ሌሎቻችን እምቢ አልን። በመጨረሻ የተስማማነው፣ የበላነውን ያህል ብቻ እንጽፋለን፣ ያልበላንበትን አንጽፍም በሚል ነው። ነገሩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ የፌዴራል ደንብ የሐሰት አስተያየት መግዛትንና ማስጻፍን ይከለክላል፤ ቅጣቱ ለእያንዳንዱ ጥፋት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። «አምስት ኮከብ ለሰጠ ሻይ በነጻ» ማለትም በጉግል ደንብ አይፈቀድም። ሒሳብ ሲከፈል ደንበኛውን «ከወደዱት ይጻፉልን» ብሎ በአፍ መጠየቅ ግን ማንም አይከለክልም፤ እኛን ግን ያሳፍረናል። ወገናችን በልቶ ሲጠግብ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ይወጣል እንጂ አይጽፍም። የሚጽፈው አስተናጋጅ የዘገየበት ሰው ነው። ሲጽፍባችሁ አትሳደቡ። አንድ ቤት ለአንድ ቅሬታ በእንግሊዝኛ የጻፈውን መልስ አንብበናል፤ እዚህ መድረክ ላይ ልንደግመው አንችልም። ያንን መልስ ከዚያ በኋላ የሚፈልገው ደንበኛ ሁሉ ያነበዋል። ሦስት መስመር በቂ ነው፤ አመስግኑ፣ ስሕተት ከነበረ እመኑ፣ ተመልሶ እንዲመጣ ጋብዙ።

አይፎን የያዘ ተሳፋሪ ብዙ ጊዜ የሚከፍተው የአፕልን ካርታ መሆኑንም አትርሱ። አፕልም ከ2023 ጀምሮ የንግድ ቤት ባለቤቶች ገጻቸውን በነጻ እንዲያስተካክሉ ፈቅዷል። ጉግልን ከጨረሳችሁ በኋላ ያንኑ መረጃ፣ ያንኑ አጻጻፍ ወደዚያ ገልብጡ።

ከታላላቆቻችን አንዳንዶቹ «ሰው በሰው ይመጣል፤ ሃያ ዓመት ያለ ካርታ ሠርተናል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሠርታችኋል። የሃያ ዓመት ደንበኞቻችሁ ግን ቤት እየገዙ ወደ ሩቅ ሰፈር እየሄዱ ናቸው፤ ልጆቻቸውም እዚሁ የተወለዱ ስለ ሆኑ ሽሮ ሲያምራቸው የሚጠይቁት እናታቸውን ሳይሆን ስልካቸውን ነው። እኛ ሁልጊዜ አናሳፍራቸውም።

ስለዚህ ከመካከላችን አራት ሰዎች በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት (በፈረንጅ 2 ሰዓት) ጀምሮ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንቀመጣለን። ስልካችሁን፣ የራሳችሁን ኢ-ሜይልና የይለፍ ቃሉን፣ የንግድ ፈቃዳችሁንና የሰሌዳችሁን ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ። የይለፍ ቃሉን እናንተ ትጽፋላችሁ፤ እኛ አናይም። ለቪዲዮው ደግሞ ሱቃችሁ ድረስ እንመጣለን፤ ሜትር አንከፍትም። ክፍያ የለም፤ ቡና ካፈላችሁ ግን አንሄድም።